ስሜን አትጻፊ ያልኩበት መዝገብ

እኔ ጽሕፈት የለመድኩ ሰው አይደለሁም። ፊደል የቆጠርኩት በመሠረተ ትምህርት ዘመን፣ ያውም አንድ በጋ ብቻ ነው። ስሜንና የልጆቼን ስም እጽፋለሁ፤ ከዚያ ወዲያ ያለው እያንገዳገደኝ ነው የሚሄደው። እናም ፊደሉ ቢጣመም፣ ነገሩም ወዲያ ወዲህ ቢል አትፍረዱብኝ። የምነግራችሁ በራሴ የደረሰውን ነው። የሦስት ቀን ነገር ነው። ሦስቱ ቀን ግን ከዚያ በፊት ከኖርኩት ዕድሜ ይበልጥብኛል።

የምኖረው ከወረታ ወደ ሐይቁ፣ ከቁሐር ሚካኤል ወረድ ብላ ባለች ጎጥ ነው። አገራችን ሜዳ ነው፣ ጥቁር ዋልካ። በበጋ መሬቱ ተሰነጣጥቆ የበሬ እግር ይውጣል። ክረምት ሲገባ ወንዙ ሞልቶ ይፈስና ሩዙንም ግጦሹንም አንድ ውኃ ያደርገዋል። ያኔ ወረታ ለመድረስ ወይ ታንኳ ላይ መውጣት ነው፣ ወይ እስከ ወገብ መጥለቅ ነው። ምጥ የያዛት ሴት ሁለቱንም አትችልም።

ክሊኒካችን የተሠራው ለዚያ ነው። በሜዳችን ድንጋይ የለም፤ ለመሠረቱ የሚሆነውን ከሩቅ ኮረብታ አህያ ያለው በአህያ፣ የሌለን በጀርባችን ተሸክመን አመጣን። ሁለት ክፍል፣ የቆርቆሮ ክዳን፣ አንድ የማዋለጃ አልጋ፣ ክትባት የሚቀመጥበት በላምባ የሚሠራ ማቀዝቀዣ። ነርሷ ሲስተር ሕይወት ከአዲስ አበባ ተመድባ የመጣች ቀጭን ልጅ ናት። ስትመጣ ጭቃውን እያየች ጫማዋን በእጇ ይዛ ስትሄድ አይተን «ይቺማ አንድ ክረምት አትከርምም» ተባባልን። አራት ከረመች።

አሁን ስለ ፍርሃቴ ልንገራችሁ፤ ፍርሃቴን ሳታውቁ ነገሩ አይገባችሁም። ስድስት ወልጄ ሦስት ቀብሬአለሁ። የመጨረሻውን ስወልድ ክሊኒኩ አልነበረም። ደሜ አልቆም አለ። እቴ ዝማም የሚባሉ የአገራችን አዋላጅ ሁለት ቀን ሙሉ ሆዴን እየጫኑ፣ በስሜ እየጠሩ አቆዩኝ። እኔ ተረፍኩ፣ ልጁ አልተረፈም። ከዚያ በኋላ ስምንት ዓመት ሆዴ ዝም አለ። በቃኝ፣ ተመስገን አልኩ። ትልቋ ልጄ ስንዱ አግብታ በጥር ወንድ ልጅ ወለደች፤ አያት ሆንኩ። የልጅ ልጄን ታቅፌ ሳለሁ ነው፣ በየካቲት፣ እኔው ራሴ ማርገዜን ያወቅሁት።

ሴቶች ይኸን እፍረት ታውቁታላችሁ። አራስ ልጇን ያረሰች እናት፣ ወደ አርባ ሦስት ዓመቷ፣ ታረግዛለች? ለባሌ ለካሴ ብቻ ነገርኩት። እሱም «እንግዲህ ምን ይደረጋል» ብሎ ጋቢውን እስከ ዓይኑ ተከናነበ። እኔም ሰፊ ቀሚስ ለበስኩ፤ ነጠላዬን ከፊት ጣል ማድረግ ለመድኩ።

ደግሞም በእኛ አገር እርጉዝ ሴት ወሯን አትናገርም። ዓይን ይገባባታል ይባላል። «ስንት ወርሽ ነው?» ብሎ መጠየቅ ራሱ ነውር ነው። ሲስተር መጀመሪያ ስትመጣ የምትጠይቀን ደግሞ ይኸንኑ ነበር። ስም፣ ዕድሜ፣ ስንት ወር። ያውም እየጻፈች! እርጉዙ ሁሉ እግሩን ሰበሰበ። ቆይቶ አንዳንዷ በጓሮ በር እየገባች «እይኝ፤ ስሜን ግን አትጻፊ» ማለት ጀመረች። እኔም እንደነሱ ነው ያልኩት።

«ሲስተር፣ በማርያም ይዤሻለሁ፤ ስሜን አትጻፊ።»

«እትዬ አንጓች፣ ሥራዬ እኮ መጻፍ ነው።»

«ከጻፍሽ አልመጣም።»

እስክሪብቶውን በእጇ አገላበጠችው። «እሺ፣ አልጽፍም። ብቻ እንዳይቀሩብኝ።»

ለሰኔ ሚካኤል ሦስት ቀን ሲቀረው ነው። ሰማዩ ከሐይቁ በኩል ጠቁሯል፤ ሰው ሁሉ ሩዝ ለመዝራት ይሯሯጣል። እኔ እንደ ልማዴ በጓሮ ዞሬ ገባሁ። ሲስተር መሬት ላይ ተቀምጣ የመድኃኒት ጠርሙሶችን በጋዜጣ እየጠቀለለች ካርቶን ውስጥ ትደረድራለች። ግድግዳው ላይ የነበረው የሕፃናት ሥዕል ወርዷል።

«ምን እየሠራሽ ነው?»

«እያሸግኩ ነው፣ እትዬ። ከነገ ወዲያ መኪና ይመጣል። ክሊኒኩ ይዘጋል።»

«ይዘጋል ማለት?»

«ዕቃውም እኔም ወደ ሌላ ጣቢያ እንሄዳለን። ዝናቡ መንገዱን ሳይቆርጠው ይውጣ ተብሏል።»

«ምን አጠፋን?»

መዝገቡን ጎትታ ገለጠችልኝ። ገጹ ነጭ ነው፤ ከላይ ጥቂት መስመር ብቻ ተጽፎበታል። «ይኸው፣ በዚህ ዓመት የተመዘገበች ነፍሰ ጡር አራት ናት። ለአራት ሴት ነርስ አይቀመጥም አሉ። እውነታቸውን ነው፣ ሌላ ቦታ ሰው ተሰልፎ ነርስ የለም።»

«ኧረ አራት! እኔ ብቻ እንኳ በዚያ በጓሮ በር ስንገናኝ ያየኋቸው...»

«እኔም አይቻቸዋለሁ። ግን አልጻፍኳቸውም።»

«ታዲያ ይኸንን አልነገርሻቸውም ኖሯል?»

ቀና ብላ አየችኝ። ዓይኗ ቀልቷል። «ግምገማ ላይ አቆሙኝ። 'የደም ማነስ እንክብሉ አልቋል፤ የወሰደችው ሴት የት አለች? ወይስ ሸጥሽው?' አሉኝ። ዝም አልኩ። ምን ልበል? እትዬ አንጓች ናቸው ብዬ ልናገር? ቃል ሰጥቼዎት የለ?»

አስቡት እንግዲህ። ከአዲስ አበባ የመጣች የሰው ልጅ፣ በእኔ ነጠላ ውስጥ ያለውን ምስጢር ጠብቃ ሌባ ተብላለች።  ልወጣ ስል «ሳላይዎትማ አይሄዱም» ብላ አስተኛችኝ። ያቺን ቀንድ የመሰለች የእንጨት ማዳመጫዋን ሆዴ ላይ አስቀምጣ ጆሮዋን አስደገፈችበት። ካርቶኑ በተከመረበት ቤት ውስጥ ብዙ ቆየች።

«እንደ ፈረስ እየጋለበ ነው» አለችኝ ፈገግ ብላ። «የሚወለደው መስከረም ላይ ነው።»

መስከረም! ውኃው በአገራችን ላይ በሚተኛበት ወር። መንገዱን እንዴት እንደጨረስኩት አላውቅም።

በማግሥቱ እቴ ዝማም ዘንድ ሄድኩ። ዝናብ ሳይመታው ኩበታቸውን ከግቢ ወደ ጎተራው ሥር እያስገቡ ይከምራሉ፤ በእኛ ሜዳ እንጨት የለም፣ ክረምቱን የምንገፋው በኩበት ነው። ረጅም ሴት ናቸው፤ ጥፍራቸው ሁልጊዜ እስከ ሥጋው የተቆረጠ ነው።

«እንዴት አደሩ፣ እቴ?»

«እግዚሃር ይመስገን። ቆመሽ ከምታዪኝ ኩበቱን አቀብዪኝ። ወይስ ያ ሆድ አያጎነብስም?»

«ኧረ እቴ፣ ሰው ይሰማል!»

«ማን ይሰማል? ላሚቱ ናት፤ እሷም እርጉዝ ናት።»

ሁሉንም ነገርኳቸው። እየሰሙኝ ኩበቱን መደርደራቸውን አላቆሙም። እኔ በልቤ፣ ምናልባት ደስ ይላቸው ይሆናል ብዬ ፈርቼ ነበር። ክሊኒኩ ሲከፈት «የእቴ ዝማም ነገር አበቃ» ተብሎ ተስቆባቸዋላ። ከዚያ የመጣሁበትን ተናገርኩ።

«እርስዎ ይንገሯቸው። የማያውቁት ሆድ የለም። ነገ ቆመው እከሊት፣ እከሊት ቢሏቸው መኪናው ባዶውን ይመለሳል።»

ያን ጊዜ እጃቸውን አራገፉ። «አንጓች፣ ሴት ሆዷን የምትገልጥልኝ እኔ እንዳያት ነው እንጂ ላወራላት አይዶለም። ነገ ካወራሁባት ከነገ ወዲያ ማን ያስነካኛል? ያቺ የከተማ ልጅ እንኳ ቃሏን ጠብቃ ተሰደበች አልሽኝ። እኔ ከሷ ላንስ ነው?»

«ታዲያ ይዘጋ?»

«ማን ይዘጋ አለ? ራሳቸው ይናገሩ እንጂ። ነጠላሽን አስተካክዪና ተነሺ።»

ቤት ለቤት ዞርን። ቀኑ ሙሉ ዞርን። እቴ ዝማም በየደጁ የሚሉት አንድ ነው፦ «ነገ መኪና ሲመጣ ክሊኒኩ ደጅ እንቀመጣለን። የምትችል ስሟን ትናገራለች። የማትችል አጠገባችን ትቀመጥ።» ሴቱ ሁሉ ለመቀመጡ እሺ አለ። ስም ሲባል ግን ዓይኑን መሬት ላይ ይተክላል። አበራሽ የምትባል፣ ካገባች ገና አንድ ዓመት ያልሞላት ሙሽራ «ኧረ እኔስ፣ ባሌም አላወቀ» ብላ በሁለት እጇ ፊቷን ሸፈነች። የምሥራቹን እንኳ ለመናገር የምታፍር ልጅ ናት።

ትርንጎ የምትባል ጎረቤታችን ዘንድ ስንደርስ ሩዝ ታበጥራለች። ምላሷ ስለት ነው፤ ስታስቅ ታስቃለች፣ ስትናደፍም አይጣል ነው።

«አንጓች፣ አንቺ ደግሞ ምን አንጨረጨረሽ?» አለችኝ። «ለኛስ ይሁን። አንቺ እንደሁ ሱቅሽን ከዘጋሽ ቆየሽ!»

ደጇ የነበሩት ሴቶች ሳቁ። እኔም ሳቅሁ፤ እግዜር ይይልኝ፣ እኔም አብሬ ሳቅሁ። «ለልጄ ብዬ ነው እንጂ» አልኩ። እቴ ዝማም አላጋለጡኝም። ሰማዩን ቀና ብለው አዩና «ደመናው እየመጣ ነው፤ እንሂድ» አሉ።

የሚካኤል ዋዜማ ጠዋት መኪናው መጣ። ከኋላው አራት ተሸካሚዎች ተቀምጠዋል፤ ከፊት ከሹፌሩ ጋር ዕቃውን ሊያስነሣ የተላከ ኃላፊ አለ፣ ብብቱ ሥር ፋይል የያዘ ወጣት ሰው። ወንዶቹ ከክሊኒኩ ፊት ካለው ሾላ ሥር ተሰብስበዋል። እኛ ደጁ ላይ ነበርን። እቴ ዝማም ቀድመው መክረውናል፦ «አንጮህም፣ ማንንም አንሰድብም። ተሸክመን ባመጣነው ድንጋይ ላይ እንቀመጣለን፣ በቃ።» እንዳሉት በመሠረቱ ጠርዝ ዙሪያውን ተቀመጥን። ስንዱም ልጇን አዝላ ከአጠገቤ ነበረች። ምንም አታውቅም።

ኃላፊው ክፉ ሰው አልነበረም። ኮፍያውን አውልቆ ነው የተናገረው።

«እናቶቼ፣ አባቶቼ፣ እኔ ጠላታችሁ አይደለሁም። መዝገቡ የሚለው አራት ነው። ሌላ ቦታ ሰው እየሞተ እዚህ ባዶ ቤት ጠብቁ ማለት አልችልም።»

የሾላው ሥር ሽማግሌዎች ተነሡ። አንዱ ልማት ወዳድ ነን አለ፤ አንዱ ቆርቆሮውን እኛ ነን ያዋጣነው አለ፤ ባሌ ካሴም ተነሥቶ «ሰው እኮ ሞልቷል፣ ጌታዬ» አለ።

«እሺ፣ ሞልቷል። ስም ስጡኝ» አለ ኃላፊው ፋይሉን ከፍቶ። «አንድ ሴት ትነሣና እርጉዝ ነኝ፣ እዚህ እታያለሁ ትበለኝ።»

ዝም።

ያንን ዝምታ አሁንም እሰማዋለሁ። ከሠላሳ የማናንስ ሴቶች ነን፤ ሁላችንም ጉልበታችንን እያየን ነው። ሲስተር በር ላይ ቆማ በየተራ አየችን። የትኛዋ ስንተኛ ወሯ እንደሆነ በልቧ ታውቃለች። አፏን ግን አልከፈተችም። እኔ ልነሣ እልና ልጄን አያለሁ፤ አማቶቿን አያለሁ፤ ደግሞ ዓይን የሚባለው ነገር በሆዴ ያለውን ልጅ ሲቀማኝ ይታየኛል።  አልተነሣሁም።

ሹፌሩ ከወዲያ ጮኸ። «ኧረ ፍጠኑ! ይኼ ዋልካ ከረጠበ መኪናው አይወጣም!»

ኃላፊው ተንፍሶ ፋይሉን ዘጋ። «ጫኑ» አለ።

ተሸካሚዎቹ በመካከላችን ይቅርታ እያሉ አለፉ። ካርቶኖቹን አወጡ። ከዚያ ያን የማዋለጃ አልጋ ለሁለት ይዘው ብቅ አሉ። አልጋው ወደ ውጭ ሲወጣ፣ በቀን ብርሃን ሜዳ ላይ ሳየው፣ ራቁቴን የወጣሁ መሰለኝ።

«አንተ ልጄ፣ አስቀምጠው» የሚል ድምፅ ተሰማ። እቴ ዝማም ናቸው። ቆመዋል። ተሸካሚዎቹ ሳያስቡት አስቀመጡት።

«ስም ፈልገሃል አሉ» አሉት ኃላፊውን። «እኔ እሰጥሃለሁ።»

 ትርንጎ ክንዴን ጨመቀችኝ። «ሊፈጁን ነው» አለችኝ። እኔም እንደዚያ ነው የመሰለኝ፤ ከእኔ እንደሚጀምሩ አልተጠራጠርኩም።

«ዝማም እባላለሁ። አዋላጅ ነኝ። እዚህ ከተቀመጡት እኩሎቹን የተቀበልኳቸው እኔ ነኝ። እሱን ሁሉም ያወራልኛል። የማይወራውን ልንገርህ። ሙሉ የምትባል ሴት በእጄ ላይ ሞታለች። ጥሩነሽ የምትባል ሴት በእጄ ላይ ሞታለች። ሦስተኛዋ የሻረግ ናት፤ እሷ ደግሞ ከዚህ ሆድ የወጣች ልጄ ናት።»

ነጠላቸውን ወደ ትከሻቸው መለሱ። 

«አገሩ ዓይን በላት አለ። እኔም ዝም አልኩ፤ ዓይን ነው ሲባል እጄ ነፃ ይወጣ ነበርና። ዓይን አይዶለም። ደም ነው። ያንን ደም የሚያቆም መርፌ ያን ጊዜ አልነበረም፤ አሁን እዚያ ካርቶን ውስጥ አለ። እኔ ያልቻልኩትን ይቺ ቀጭን ልጅ ስትችለው በዓይኔ አይቻለሁ። ከሷ ወዲህ አንድ ሴት አልቀበርንም። መዝገብህ የሚያምነው ስም ከሆነ፣ በል፣ የሦስቱን ጻፍ። የቀሩት ደግሞ አራተኛ ሳይሆኑ ራሳቸው ይናገራሉ። እኔ የማንንም አላወጣም።»

ተቀመጡም። የአንዳችንንም ስም አልጠሩም። ለልጃቸው ሞት አገሩ የሰጣቸውን ምክንያት በገዛ እጃቸው ጥለው፣ በቄሱም በሽማግሌውም ፊት «አልቻልኩም» ብለው፣ የእኛን ምስጢር ግን እንዳለ መለሱልን። እኔ በሕይወቴ እንዲህ ያለ ጀግና አላየሁም።

እግሬ ራሱ ነው ያነሣኝ።

«ጻፉኝ» አልኩ። ድምፄ የሌላ ሰው መሰለኝ። «አንጓች እባላለሁ። አያት ነኝ። የስድስት ወር እርጉዝም ነኝ።» ከፊት ያለውን ነጠላዬን ወደ ኋላ መለስኩት።

ሾላው ሥር የአንዱ ዱላ ከእጁ ሲወድቅ ተሰማ። ካሴ ጋቢውን ሊከናነብ አነሣና መሐል ላይ ተወው፤ ቀጥ ብሎ ቆመ። የመጀመሪያውን ቃል የተናገረችው ግን ትርንጎ ናት።

«እንዴ! ሱቁ ክፍት ኖሯል!»

ያ ሁሉ ሕዝብ በሳቅ ፈረሰ። ቄሱ ሳይቀሩ በመስቀላቸው አፋቸውን ሸፍነው ሳቁ። እኔ ግን ስንዱን ነው የማየው። ልጄ አፍጥጣ አየችኝ፣ ሆዴን አየች። ተነሥታ መጣችና እጄን ያዘች።

«አራስ ሳለሁ ለኔ ዐሥር ቀን ሌት ተቀን ስትነሺ ስትወድቂ ይኸን ይዘሽ ነው?» አለችኝ በጆሮዬ። ከዚያ ወደ ኃላፊው ዞራ «እናቴ ናት። አስተካክላችሁ ጻፏት» አለች።

ትርንጎ ቀሚሷን አራግፋ ተነሣች። «እሷ ካፈረች በኋላ እኔ ምን ቀረኝ? አራት ወሬ ነው፤ ጻፉ።» ከዚያ አንዷ። ከዚያ ሁለት በአንድ ጊዜ። አበራሽ ከሁሉም ኋላ ተነሥታ፣ መሬት መሬት እያየች «እኔም» አለች። ከሾላው ሥር ባሏ «ምን?» ብሎ ጮኸ። ወንዶቹ እየሳቁ ጀርባውን ሲደበድቡት ምስኪኑ መሳቁንም ማልቀሱንም አላወቀውም።

ሲስተር መዝገቡን ይዛ ወጣች። ሌላ ጠረጴዛ ስላልነበረ ሜዳው ላይ የቆመውን የማዋለጃ አልጋ ጠረጴዛ አደረገችው። እስክሪብቶዋን አንሥታ ስሜን ልትጽፍ ጎንበስ አለች።

«ስጪኝ» አልኳት። «የኔን እኔ ልጻፈው።»

እስክሪብቶ ከያዝኩ ስንት ዓመት ሆኖኛል። አንደኛው ፊደል ከመስመሩ በላይ ወጣ፣ ሁለተኛው ወረደ፤ የመጨረሻው «ች» ተንጋዶ ተኛ። አንጓች። ኃላፊው በትከሻዬ በኩል ቆሞ እያየ «ይነበባል» አለኝ። ያቺን ቃሉን አልረሳትም።

ተቆጠርን። ዐሥራ ዘጠኝ ሆንን። ኃላፊው ሲስተርን ፈንጠር አድርጎ አነጋገራት። ምን እንዳላት አልሰማሁም፤ እሷ ግን በመዳፏ ዓይኗን እየጠረገች ስትስቅ አይቻለሁ። ወደ እኛ ተመልሶ «ዕቃው ይግባ» አለ። «ይህን ይዤ ሄጄ አስረዳለሁ። እስከ ክረምቱ መጨረሻ አይነካም። ከዚያ በኋላ የሚያስቀረው ይኸው መዝገብ ነው፤ ባዶ እንዳታደርጉት።»

«የኔስ ሦስት?» አሉት እቴ ዝማም።

ኃላፊው መዝገቡን አገላብጦ አየ። «እማማ፣ ይኸ መዝገብ ለሞተ ሰው ቦታ የለውም።»

ሲስተር መዝገቡን ገለበጠችውና በመጨረሻው ሽፋን ውስጠኛ ገጽ ላይ ጻፈች። ሙሉ። ጥሩነሽ። የሻረግ። እቴ ዝማም ማንበብ አይችሉም፤ በቆረጡት ጥፍራቸው እያንዳንዱን ስም ነክተው «የትኛዋ ናት የኔ?» ብለው ጠየቁ። አሳየቻቸው። ጣታቸውን እዚያ ላይ አቆዩት።

ያን ጊዜ ዝናቡ ወረደ፤ ሹፌሩ የፈራው አልቀረም። መኪናው ሃያ እርምጃ ሳይሄድ ጎማው ዋልካው ውስጥ ሰጠመ። ክሊኒካችንን ሊወስድብን የመጣውን መኪና እኛው ወጥተን ገፋንለት። ወንዱ፣ ሴቱ፣ ኃላፊው ሳይቀር ሱሪውን ሰብስቦ ይገፋል። እርጉዞቹ ከቆርቆሮው ሥር ተጠልለን እንስቃለን።

«ባዶውን እንዲህ ካማጠ» አሉ እቴ ዝማም፣ «አልጋችንን ጭኖ ቢሆን እዚሁ ይገላገል ነበር!»

መስከረም ላይ ውኃው እስከ ክሊኒኩ መሠረት ድንጋይ መጣ፤ ከዚያ አላለፈም። ምጡ የያዘኝ ጠዋት ነው። ልጅቱ እኩለ ቀን ላይ ወጣች፣ ጮኸች። ወዲያው ደሙ መጣ። ያ የማውቀው ደም። ጣሪያው ከእኔ ሲርቅ፣ እቴ ዝማም በስሜ ሲጠሩኝ፣ ሲስተር ደግሞ «እትዬ፣ አሁን፣ አሁን» ስትል እሰማለሁ። መርፌዋን ወጋችኝ፤ እቴ ዝማም በዚያ ረጅም እጃቸው ሆዴን ያሹኛል። አንዷ በመርፌ፣ አንዷ በእጅ። ደሙ ቀነሰ። ቆመ። እቴ ዝማም ከአልጋው ጠርዝ ላይ ቁጭ ብለው ግድግዳውን እያዩ ለብቻቸው አለቀሱ። ያለቀሱት ለእኔ እንዳልሆነ ገብቶኛል። ልጅቱን ታየች ብለው ስም ያወጡላት እሳቸው ናቸው።

አንባቢዎቼ፣ እኔ ዛሬም ፈሪ ነኝ። ያ ቀን ፍርሃቴን አልወሰደልኝም። ዓይን የሚባለውንም ነገር «የለም» ለማለት አፌ አይደፍርም። የተለወጠው ሌላ ነው። ያን ክሊኒክ ሊዘጋብን የነበረ አንድ ክፉ ሰው ይኖራል ብዬ ሦስት ቀን ሙሉ ስፈልግ፣ አግኝቼዋለሁ፤ እኔ ነበርኩ። እኔና ዐሥራ ስምንት ደጋግ ሴቶች። የጠቀመንን ነገር በጓሮ በር እየገባን ጠቀምንበት፣ በፊት በር ስንጠየቅ አናውቀውም አልን። እናንተም ምናልባት እንዲህ ያለ ነገር ይኖራችኋል። ትምህርት ቤት ይሁን፣ የውኃ ቦኖ ይሁን፣ አንዲት ነርስ ትሁን። እባካችሁ፣ ካርቶን ሳይታሸግ ተናገሩላት።

ክሊኒኩ አልተዘጋም። ሲስተር ሕይወት ሁለት ክረምት ጨምራ፣ አልቅሳ አስለቅሳን ሄደች። እቴ ዝማምም አርፈዋል፤ ነፍሳቸውን ይማር። ታየች አሁን ከእኔ ትበልጣለች በቁመት።

በቅርቡ የልጅ ልጅ ላስከትብ ሄጄ ነበር። አንዲት ልጅ እግር ሴት ከፊቴ ቆማለች፤ አዲሷ ነርስ ስሟን ስትጠይቃት ነጠላዋን ከፊት ጣል አድርጋ «አይጻፍ» ስትል ሰማኋት። ነርሷን ያንን አሮጌ መዝገብ ለመንኳት። አቧራውን አራግፋ ከቁም ሣጥኑ አወጣችልኝ። ለልጅቱ ያንን ገጽ ገለጥኩላት፤ ተንጋዶ የተኛው «ች» እዚያው ነው። «ይኸ የኔ ነው» አልኳት። ከዚያ መዝገቡን ገልብጬ የሽፋኑን ሦስት ስም አሳየኋት።

«እነዚህስ?» አለችኝ።

«እነዚህ ሳይጻፉ የቀሩት ናቸው።»

ብዙ ጊዜ አየችው። ከዚያ ወደ ነርሷ ዞረች።